የቀድሞው ዘመን የሕዝቦች ባህላዊ አለባበስ፦ ከውጫሌና ከአምባሰል አካባቢ ተነሥቶ

ውጫሌ በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከሐይቅ በስተ ሰሜን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ በታሪክ የታወቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት ወኪል በነበረው በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል በተፈረመው ውል ምክንያት ነው። ስለ ውሉ 17ኛ አንቀጽና በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ስለነበረው ልዩነት ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ውሉን ሳይሆን፣ በዚያ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ይለብሱት የነበረውን ልብስ ነው። በተለይም ከአያት ከቅድመ አያት የተላለፈ ልብስ በእጃቸው ያለ ዜጎች ያላቸው ነገር ምን እንደሆነ ለይተው እንዲያውቁ፣ እንዲጠብቁትና እንዲያስመዘግቡት ለመርዳት ተዘጋጅቷል።

በዚያ ዘመን የልብስ አገልግሎት ከብርድና ከፀሐይ በመከላከል ብቻ አያበቃም ነበር። አንድ ሰው ከየት አገር እንደ መጣ፣ ሐዘን ላይ ይሁን ደስታ ላይ፣ ከመንግሥት ምን ማዕረግ እንዳገኘ ልብሱ ይናገር ነበር። ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ጥቂት በነበረበት አገር፣ ልብስን ማንበብ ግን ሁሉም ያውቅበት ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉት ልብሶች ያሉት በሙዚየም ብቻ አይደለም። በቤተሰብ ሣጥንና መኳንንት በስጦታ በሰጧቸው አድባራት ዕቃ ቤት የሚገኙም አሉ። እነዚህ ልብሶች ታሪካቸውን የሚያውቁት አረጋውያን ባለፉ ቁጥር ስም የሌላቸው አሮጌ ጨርቆች ይሆናሉ፤ ስሙ የጠፋ ልብስ ደግሞ በርካሽ ይሸጣል።

ጥጡ፣ ፈትሉና ሸማው

የደጋው አማራ፣ የትግራይና የብዙው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ሕዝብ መሠረታዊ ልብስ ከጥጥ የሚሠራው ሸማ ነው። ጥጥ የሚበቅለው በቆላ፣ ልብሱ ይበልጥ የሚፈለገው በደጋ በመሆኑ፣ ሸማ ከመሠራቱ አስቀድሞ ቆላውንና ደጋውን የሚያገናኝ ገበያ መኖር ነበረበት። የአምባሰል አካባቢ በደጋው ተራራና በምሥራቁ ቆላ መካከል በመሆኑ ለዚህ ልውውጥ የተመቸ ነበር።

የሸማ ሥራ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፤ የፈታይዋና የሸማኔው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይለይና በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ የተፍታታው ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ሲሆን፣ አንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል ለማዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ሸማኔው ከሚሸምንበት ጊዜ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ልብሱ ሲወደስ የሚነሣው ብዙ ጊዜ የሸማኔው እጅ ነው፤ የፈታይዋ ድካም ተገቢውን ስፍራ አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል።

ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ እግሮቹን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጥና ማጉን በመወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ ይሸምናል። የጨርቁ ወርድ የአንድ ሰው እጆች መወርወሪያውን ወርውረው ከሚቀበሉበት ስፋት ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ሰፊ ልብስ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁራጮች ጎን ለጎን ተጋጥመው የተሰፉበት ነው። ያ የመካከል ስፌት አሮጌ ልብስን ለመለየት ከሚረዱ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ልብስ ሲታይ አስቀድሞ ሊፈለግ ይገባዋል።

ከሸማው ወገን ነጠላ ስስ ሲሆን ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ይሆናል፤ ቡሉኮ ከጋቢም የከበደ፣ ለብርድ አገር የሚስማማ ነው። ኩታ ከነጠላ ጋር የሚቀራረብና በተለይ ወንዶች ለክብር የሚደርቡት ነው። በልብሱ ጫፍ የሚገባው ቀለም ያለው ጌጥ ጥለት ይባላል፤ ጥበብ የሚለው ስም ጌጡ የበዛበትን ያመለክታል። የፋብሪካ ቀለም ያለው ክር እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት ሸማኔዎች ከውጭ የመጣ ባለ ቀለም ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። በአንድ ጥንታዊ ጥለት ውስጥ ከሩቅ አገር የተሠራ የሐር ክር ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አቡጀዲ የሚባለው የፋብሪካ ጨርቅ በባሕር በኩል በብዛት እየገባ ሱሪና እጀ ጠባብ ይሰፋበት ጀመር። ከዚህ የተነሣ በዚያ ዘመን መጨረሻ የነበረ አንድ ጭፍራ ከላይ በአገሩ የተሸመነ ኩታ፣ ከውስጥ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጨርቅ ሊለብስ ይችል ነበር። ከአያት የተወረሰ እጀ ጠባብ የፋብሪካ ጨርቅ ሆኖ ስለተገኘ ብቻ አዲስ ነው ብሎ መጣል ስሕተት ነው።

ይህን ሁሉ ልብስ የሚያለብሰው ሸማኔ በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚናቅ ነበር። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። አዋጁ ንቀቱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም፤ ከዚህም የተነሣ በአሮጌ ልብሶች ላይ የለባሹ ስም ሲታወስ የሠሪው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል።

ልብሱ እንዴት እንደሚደረብ

አንድ ነጠላ በአደራረቡ ብቻ ብዙ ነገር ይናገራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ልብሱን አጥብቆ ወገቡ ላይ አሥሮ ይቆማል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ይቀርባል፤ በደስታ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ጥልቅ ሐዘን የደረሰበት ከል ይለብሳል፤ ከል ማለት በጥቁር የተነከረ ልብስ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች ዛሬም ብዙዎቹ አሉ፤ በከተማ ያደጉ ወጣቶች ግን ጥለቱን በሠርግ ቤት እንደ ሐዘንተኛ አድርገው ሲገኙ ይታያል። ይህ የሚያስነቅፍ ሳይሆን የሚነግራቸው ሰው ማጣታቸውን የሚያሳይ ነው።

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለዘመናት አንድ መንደር ተጋርተው ስለኖሩ የሚደርቡት ሸማ ያው ነው፤ ጋቢውም፣ ኩታውም፣ የሴቶቹም ቀሚስ ከአንድ ገበያና ከአንድ ሸማኔ እጅ ይገዛል። ልዩነቱን የሚያሳየው አንገትና ራስ ነው። ክርስቲያኑ ማተብ ያሥራል፤ ሙስሊሙ ኮፊያ ያደርጋል ወይም ጥምጥም ይጠመጥማል። ሴቶች ሻሽ ያሥራሉ፤ በበዓል ቀን ድሪ፣ አሸንክታብ፣ አምባርና አልቦ ያደርጋሉ።

ይህ የራስና የአንገት ምልክት በመንግሥት ጉዳይ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው የሚያሳይ ታሪክ ከዚሁ ከወሎ ቤት ይገኛል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሆነው ሲገዙ ከሙስሊም ሕዝቦች ጋር መቀራረባቸውና አለባበሳቸው ለክስ ምክንያት ሆነ። ጥምጥም አድርገው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ከክሱ ጋር ተነሥቷል፤ ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው ወይስ የተቀናበረ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ምክንያቱ አለባበስ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ጥምጥም በዙፋን ክርክር ውስጥ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ በራሱ ብዙ ይናገራል።

የማዕረግ ልብስ

ሽልማት የሚለው ቃል የጌጥም የክብር ስጦታም ስም ነው፤ መሸለም ማስጌጥ ነው። በቤተ መንግሥት የሹመትና የጀግንነት ክብር የሚገለጸው በልብስ ስለ ነበር ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል መኖራቸው ተገቢ ነው።

ከክብር ልብሶች የታወቀው ጃኖ ነው። ጃኖ በጫፉ በኩል ሰፊ ቀይ መስመር ያለው ሸማ ሲሆን፣ የመኳንንትና ንጉሥ ያከበራቸው ሰዎች ልብስ ነበር። ካባ ከሐር ወይም ከከፋይ የሚሠራ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ መደረቢያ ሲሆን፣ መኳንንትም ካህናትም ይለብሱታል። ለምድ ከትከሻ የሚወርድና ጫፉ እየተሰነጠቀ የተንጠለጠለ ነው፤ ከአውሬ ቆዳ ወይም ከከፋይ ተሠርቶ በጌጥ ይሸለማል፤ የጦር ሰው ክብር ነው። በራስ ላይ የሚደረገው የአንበሳ ጎፈር ደግሞ የጀግንነት ምልክት ነው። እነዚህን ማንም ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ የሚለብሳቸው አልነበሩም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ለምድ ወይም በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ከተገኘ፣ ከልብሱ ጋር የሹመት ወይም የዘመቻ ታሪክ አብሮ ሊኖር ስለሚችል ያንን ታሪክ ከአረጋውያን ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል።

በባቲ ገበያ የሚገናኙ ልብሶች

የግዛቱን የአለባበስ ብዛት በአንድ ቀን ለማየት የሚሻ ሰው ከደሴ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በባቲ የሰኞ ገበያ መገኘት ይበቃዋል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በዚህ ገበያ ለረጅም ዘመን ሲገናኙ ኖረዋል።

የአፋር ወንድ ሳናፊል የሚባለውን ሽርጥ በወገቡ ጠምጥሞ ጊሌ የሚባለውን ጎባጣ ጩቤ ይታጠቃል። ሴቷም ሳናፊል ትታጠቃለች፤ የእርሷ ግን በዛፍ ልጥ ቀለም ተነክሮ ቡናማ ይሆናል። ያገባች ሴት ራሷን በጥቁር ሻሽ ትሸፍናለች። በበረሃ ሙቀት ከወገብ በላይ ቀለል ያለ ልብስ መልበስ ለአገሩ የተስማማ ብልሃት ነው፤ የደጋ ሰው ይህን እንደ ድህነት የሚቆጥርበት ዘመን ነበር። አርጎባው በንግድና በሽመና የታወቀ ሕዝብ ነው፤ ከከሚሴ በላይ ያለው የሾንኬ መንደር ከቀደሙት ሰፈሮቹ አንዱ ነው። ኦሮሞው ዋያ የሚለውን ነጭ ሸማ ይደርባል፤ በብርዱ አገር ቡሉኮ ይለብሳል።

ከወሎ በስተ ደቡብ መንዝ ሲደረስ ጥጡ ለሱፍ ቦታውን ይለቃል። የመንዝ በርኖስ ከጥቁር የበግ ጠጉር የሚሠራ ካባ መሰል ልብስ ሲሆን በአንዱ ትከሻው ላይ ሹል ጉብታ አለው። ዝናብ አያስገባም፤ በሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል። ዛሬ የሚሠሩት ሰዎች ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ በእጅ ያለ በርኖስ በብል ከመበላቱ በፊት ጥንቃቄ ሊደረግለት ይገባል።

ከዚህ ውጭ ያሉት በአጭሩ ይጠቀሳሉ። የሐረሪ ሴቶች ከቀሚሳቸው በታች ጌይ ገናፊ የሚባል ሱሪ ያደርጋሉ። በደቡብ የጋሞ ደጋ ዱንጉዛ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም የተሸመነ ሲሆን፣ የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፍረዋል። የኮንሶ ሴቶች ቀሚስ ከወፍራም የጥጥ ፈትል ተሠርቶ በሁለት ደረጃ ይወርዳል። የአርሲ ኦሮሞና የሐመር ሴቶች ቆዳ ለፍተው በዶቃ አስጊጠው ይለብሱ ነበር፤ በሐመር ዛሬም ይህ አለ። በቆዳና በሸማ መካከል የሥልጣኔ ደረጃ የለም፤ ልዩነቱ ከብት በበዛበትና ጥጥ በበዛበት አገር መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከመቅደላ የተወሰደው ቀሚስ

አንድ ልብስ ከአገር ሲወጣ ምን እንደሚጠፋ ለማስረዳት ከደቡብ ወሎ ሳይወጡ አንድ ምሳሌ ማንሣት ይቻላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከመጻሕፍትና ከንዋየ ቅድሳት ጋር ልብስም ተወስዷል። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ በመንገድ ላይ አረፉ። በሐር ክር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚሳቸው ግን በ1869 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን ወደሚገኘው ሙዚየም ገባ፤ ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ነው። የአገራችን የጥልፍ ባለሙያ የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ጥልፍ ከዋናው ለማጥናት ቢፈልግ ከወሎ ለንደን ድረስ መሄድ አለበት።

መቅደላ በጦር የሆነ ነው። በጊዜያችን ልብሶች ከአገር የሚወጡት ግን በአብዛኛው በሽያጭ ነው፤ ባለቤቱ ወድዶ፣ ዋጋውን ሳያውቅ።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ፣ ባህላዊና የእደ ጥበብ ዋጋ ያላቸውን ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች፣ የሕዝቦች መገልገያዎችንና ጌጣጌጦችን ጨምሮ፣ በቅርስነት ይመለከታል። ዜጎች በተደጋጋሚ የሚጠይቁት ጥያቄ «ካስመዘገብሁት ይወሰድብኛል ወይ?» የሚል ነው። አይወሰድም። ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል፤ ምዝገባ ባለቤትነትን አያሳጣም። ባለቤቱ በምትኩ ቅርሱን በራሱ ወጪ በጥንቃቄ የመጠበቅ፣ ለሌላ ሰው ከማስተላለፉ በፊት የማሳወቅና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የማድረግ ግዴታ አለበት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው። በገበያ የሚሸጥ፣ አዲስ የተሠራ የሸማ ልብስ ግን በዚህ አይጠቃለልም፤ የሸማኔዎቻችን ገበያ ስለሆነም ሊበረታታ ይገባዋል።

ልብስ ማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በሚኖርበት ወረዳ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ የውጫሌ ነዋሪ ወደ አምባሰል ወረዳ፣ የሐይቅ ነዋሪ ወደ ተሁለደሬ ወረዳ ማለት ነው። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ሰባራ ወይም የተቀደደ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ በብል የተበላ ጃኖም ጥለቱ ይነበባል።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄድ በፊት ልብሱን ከፊትና ከኋላ፣ ጥለቱንም ከማስመሪያ ጋር በቅርብ ፎቶግራፍ ማንሣት ይጠቅማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ታሪኩን መጻፍ ነው፦ የማን ነበር፣ ማን ሰጠው፣ በምን ቀን ይለበስ ነበር፣ ቤተሰቡ በምን ስም ይጠራዋል። ስሙ በአካባቢው አነጋገር እንዳለ ይጻፍ፤ ወደ አዲስ አበባ አነጋገር መለወጥ አያስፈልግም።

ከፋብሪካ የታተመ ጨርቅና በእጅ የተሸመነ ጥለት እንዳይምታታ ልብሱን ገልብጦ ማየት ይበቃል። በእጅ የገባ ጥለት ክሩ ከኋላም ይታያል፤ የታተመ ግን ከኋላ ደብዝዞ ወይም ባዶ ሆኖ ይቀራል። በእጅ የተፈተለ ማግ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀጥናል፤ የፋብሪካ ክር አንድ ዓይነት ነው።

አሮጌ ልብስን ማጠብ እጅግ ጎጂ ነው። ለበዓል ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ በሚል በሳሙና የታጠበ ጃኖ ቀዩ ወደ ነጩ ሊፈስስ ይችላል፤ ደካማው ክርም በውኃ ክብደት ይበጠሳል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማንሣት ይሻላል። በፕላስቲክ ከረጢት ማኖር እርጥበት ስለሚያፍን ሻጋታ ያመጣል፤ በታጠበ፣ ቀለም በሌለው የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ይገባል። ዘወትር በአንድ መስመር የሚታጠፍ ልብስ በዚያው መስመር ይቀደዳል፤ የሚቻል ከሆነ ይጠቅለል፣ ካልተቻለ የሚታጠፍበት ቦታ በየጊዜው ይለዋወጥ። በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ጥልፉ እንዳይሰበር በፍጹም አይታጠፍ። የሱፍ በርኖስና የከፋይ ለምድ ብል ስለሚወዳቸው ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ማናፈሱ በጥላ ሥር እንጂ በፀሐይ አይሁን።

በውጭ አገር የሚኖሩና ከቤተሰብ የወረሱት ልብስ በእጃቸው ያለ ኢትዮጵያውያንም የልብሱን ፎቶግራፍና ታሪኩን ልብሱ በተገኘበት ወረዳ ለሚገኘው ጽሕፈት ቤት ቢልኩ፣ ልብሱ ባሉበት ቢቆይም መረጃው ከአገሩ ሰነድ ጋር ሊቀመጥ ይችላል።